ያገለገለ የአበባ ፖትና የችግኝ ፕላስቲክ፦ እንዴት ይታጠባል፣ ስንት ጊዜ ይመለሳል፣ መቼ ለቁራሌው ይሰጣል

የፕላስቲክ ፖት ዕድሜ የሚወሰነው ተክሉ ከውስጡ በወጣበት ቀን ነው። አፈሩ ገና እርጥብ ሳለ አራግፎ ውሃ ያስነካው ሰው አንዱን ፖት ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ጨርሶ ጥላ ውስጥ ያስገባዋል። «ነገ ይደርሳል» ብሎ ግቢ ጥግ የከመረው ግን ከወር በኋላ የሚያገኘው እንደ ሸክላ የደረቀ ጭቃ፣ ግድግዳው ላይ የተሰፋ የሥር መረብና ፀሐይ ያነጣው አፍ ነው። ብዙ ሰው ፖት የሚጥለው ፖቱ ስላለቀ አይደለም፤ ማጠቡ ስላስጠላው ነው። ስለዚህ ተክል በሚዛወርበት ቀን ከአፈሩና ከአካፋው ጋር ሁለት ባልዲ ውሃና አንድ ቡሩሽም አብረው ይውጡ።

አዲስ አበባ ውስጥ ከመንገድ ዳር ችግኝ ሻጭ የሚገዛ ተክል በሦስት ዓይነት ዕቃ ይመጣል። አንደኛው በጣት የሚጨማደደው ስስ ጥቁር ቱቦ ነው፤ ችግኝ ጣቢያ ውስጥ ፖሊቲን ቲዩብ ይሉታል፣ ሌላው ሰው የችግኝ ፕላስቲክ ይለዋል። ሁለተኛው ቅርጽ ያለው ጠንካራ ፖት ነው። ሦስተኛው ለሌላ ሥራ ተሠርቶ ወደ አትክልት የገባው ነው፦ የዘይት ጀሪካን፣ የቀለም ባልዲ፣ ሃይላንድ። ሦስቱንም በአንድ ሳፋ ዘፍዝፎ በአንድ መንገድ ማጠብ፣ ሲያረጁም በአንድ ማዳበሪያ ጠቅጥቆ ለቁራሌው መስጠት የተለመደ ነው። ሁለቱም ያከስራሉ።

መጀመሪያ ዓይነቱን መለየት

ፖቱን ገልብጣችሁ ታቹን እዩ። ቀስቶች በሠሩት ሦስት ማዕዘን ውስጥ ቁጥር ካለ ሥራው ቀለለ። 5 ፖሊፕሮፒሊን ነው፤ ጠንካራ የአበባ ፖትና የቀለም ባልዲ ብዙውን ጊዜ ከዚህ ይሠራል። 2 ጠንካራው ፖሊኢትሊን ነው፤ ቢጫው የዘይት ጀሪካን ማለት ነው። 4 ለስላሳው ፖሊኢትሊን ነው፣ የችግኝ ቱቦው። 1 ሃይላንድ ነው። 6 ፖሊስታይሪን ነው፤ ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ የሚሰበረው ስስ የችግኝ ትሪ ከዚህ ወገን ነው።

ቁጥር የሌለው ፖትም ገበያው ላይ ሞልቷል። ለእሱ ከአፉ ጠርዝ የጥፍር ያህል ቆርጣችሁ፣ አንድ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና በገባበት ብርጭቆ ውሃ ውስጥ በጣት አስምጡት። ሳሙናው ያለ ምክንያት አልገባም፤ ከሌለ የአየር ጠብታ ቁራጩ ላይ ተጣብቆ ሰማጩን ያንሳፍፈዋል። ለቀቅ ሲያደርጉት ተመልሶ ከወጣ 2፣ 4 ወይም 5 ነው። ሰምጦ ከቀረ 1፣ 3 (ፒቪሲ የሚባለው) ወይም 6 ነው። የሚያሳስት አንድ ነገር ብቻ አለ፦ ዋጋ ለመቀነስ የኖራ ድንጋይ ዱቄት በብዛት የተቀላቀለበት ፖሊፕሮፒሊንም ሊሰምጥ ይችላል። 2ን ከ5 በጥፍር መለየት ይቻላል። 2 እንደ ሻማ ጥፍር ይይዛል፣ 5 ጠንከር ብሎ ያንሸራትታል። ለተክሉ ሁለቱም አንድ ናቸው፤ ሲጠገኑና ሲሸጡ ግን ይለያያሉ።

አጠባው

አጠባ ሁለት ሥራ ነው። መጀመሪያ ቆሻሻው ይወጣል፣ ቀጥሎ በሽታው ይገደላል። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ በረኪናው ይባክናል፤ አፈርና የሥር ቁራጭ ክሎሪኑን ይጨርሱትና ለጀርሙ የሚተርፍ አይኖርም።

የደረቀ ጭቃ በእንጨት ወይም በአሮጌ ማንኪያ ይፈቅፈቅ። ቢላና የድስት ሽቦ ግድግዳውን ይጭሩታል፣ ጭረቱ ደግሞ ለሚቀጥለው ጭቃ መያዣ ይሆናል። ከዚያ በለብታ ውሃና በዱቄት ሳሙና 15 ደቂቃ ዘፍዝፎ በቡሩሽ መፈተግ ነው። ጠበቅ ያለ ፍተጋ የሚፈልጉት የታጠፈው የአፍ ጠርዝ ሥርና የውሃ መውጫ ቀዳዳዎቹ ናቸው፤ የነፍሳት ዕንቁላልና የሥር ቁራጭ የሚደበቀው እዚያ ነው። መሀሉን አብርቶ እነዚህን የዘለለ አጠባ ለዓይን ብቻ ነው።

አፉ ዙሪያ የሚታየው ነጭ ቅርፊት ከውሃና ከማዳበሪያ የተረፈ ጨው ነው፤ ሳሙና አያነሳውም። አቼቶና ውሃ እኩል ቀላቅሎ፣ በዚያ የተነከረ ጨርቅ ግማሽ ሰዓት መጠምጠም ያለሰልሰዋል። ነገር ግን አቼቶው በብዙ ውሃ ታጥቦ ሳይሄድ ፖቱ ወደ በረኪና አይግባ። ሁለቱ ሲገናኙ ሳንባ የሚያቃጥል የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። አሞኒያ ያለበትን ማጽጃ ከበረኪና ጋር መቀላቀልም እንዲሁ አደገኛ ነው።

የበረኪናው ልክ አንድ እጅ በረኪና ለዘጠኝ እጅ ውሃ ነው። ባለ 20 ሊትር ባልዲ ውስጥ አንድ ሊትር በረኪናና ዘጠኝ ሊትር ውሃ ሲገባ ፖት ለመንከር ቦታ ይተርፋል። ይህ ልክ በረኪናው 5 ከመቶ አካባቢ ጥንካሬ አለው በሚል የተሰላ ነው፤ መያዣው ላይ ያነሰ ከተጻፈ ውሃውን ቀንሱ። ከርሞ የቆየ ወይም ፀሐይ ላይ የዋለ በረኪና ኃይሉን ስለሚያጣ በሽታው ቢንከባለል ተጠያቂው እሱ ሊሆን ይችላል። ፖቱ ሙሉ በሙሉ ሰምጦ 10 ደቂቃ ይቆይ። ተደራርቦ አይግባ፤ በሁለት ፖት መካከል አየር ከታሰረ ፈሳሹ አይደርስም። ውህዱ ቡና ሲመስል ወይም ሁለት ሰዓት ሲሞላው ደፍቶ አዲስ መበጥበጥ ነው። ጓንት ይጠለቅ፣ የሚያሳሳ ልብስም አይለበስ። ሲወጣ በንጹህ ውሃ ተለቅልቆ አፉን ወደ ታች ተደፍቶ ይድረቅ።

ሁልጊዜ በረኪና ያስፈልጋል? አያስፈልግም። ጤነኛ የጥብስ ቅጠል ከወጣበት ፖት ወደ ሌላ ያደገ አበባ ለማዛወር ሳሙና ይበቃል። በረኪናው ግድ የሚሆነው ፖቱ ላይ ዘር ሊዘራበት ሲሆን፣ ቀድሞ የነበረው ተክል ታሞ ወይም ምክንያቱ ሳይታወቅ ሞቶ ሲሆን፣ ፖቱም ከየት እንደመጣ ካልታወቀ ነው። ዘር ላይ የምንጨነቀው ያለ ነገር አይደለም። ትናንት ደህና የነበረ ቡቃያ አንገቱ ከአፈሩ ጥግ እንደ ክር ቀጥኖ በአንድ ሌሊት የሚተኛበት በሽታ ግድግዳ ላይ ከቀረች ትንሽ አፈር ይነሳል። ቲማቲም፣ ቃሪያና ድንችን ቅጠላቸው አረንጓዴ እንደሆነ በድንገት የሚያጠወልገው የባክቴሪያ አጠውልግ፣ ሥር ላይ ጉብ ጉብ የሚያወጣው ኔማቶድ የተባለ ደቃቅ ትልም በዚሁ መንገድ ይዛወራሉ። አጠውልግ የታየበትን ፖት ብታጥቡትም ለቲማቲም፣ ለቃሪያና ለድንች አትመልሱት፤ ለጎመን ወይም ለአበባ መድቡት። አፈሩንም ከሌላ ፖት አፈር ጋር አትቀላቅሉ።

በረኪና ለማይወድ ሙቅ ውሃ አለ። 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ 30 ደቂቃ መቆየት አብዛኛውን አፈር ወለድ በሽታ ይገድላል። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ስለዚህ ሁለት እጅ የፈላ ውሃ ከአንድ እጅ የቧንቧ ውሃ ጋር ሲቀላቀል 67 ዲግሪ ያህል ይሆናል። በርሜሉም ፖቱም ሙቀት ስለሚወስዱ ያቺ ትርፍ ታስፈልጋለች። ከድኖ በአሮጌ ብርድ ልብስ መጠቅለል ግማሽ ሰዓቱን ያዘልቀዋል። 2፣ 4 እና 5 ይህን ሙቀት ይችላሉ፤ ሃይላንድ ግን ተጨማድዶ ይወጣል።

«ፀሐይ ላይ አስጡት፣ ይጸዳል» የሚባለው ግማሽ እውነት ነው። ጀርም የሚገድለው እርጥብ ሙቀት ነው፤ ደረቅ ፖት ፀሐይ ላይ መዋሉ ከሁሉ በፊት ፕላስቲኩን ያስረጀዋል። ድሬዳዋን ወይም አዋሽን በመሰለ ቆላ በበጋ እርጥብ ፖት በድርብ ጥርት ያለ ላስቲክ ታሽጎ ሲሚንቶ ላይ ቢሰነብት ይሠራል። ደጋ ላይ ሌሊቱ ስለሚያቀዘቅዘው በዚህ ብቻ አትተማመኑ።

የችግኝ ፕላስቲክ

በቁጥር ከሁሉ የሚበዛው ይህ ነው። አረንጓዴ አሻራ ከተጀመረበት ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ክረምት በመጣ ቁጥር ብዙ ሰው ችግኝ ይዞ ተራራ ይወጣል፤ ቱቦው ግን ተቀዶ ጉድጓዱ አፍ ላይ ሲቀር ይታያል። ጎርፉ ጠርጎ ወንዝ ያወርደዋል። የቀረውን ከብት ይበላዋል፤ ሆድ ውስጥ አይፈጭም፣ እየተጠቀለለ መተላለፊያ ይዘጋል።

የተለመደው ውፍረት 250 ጌጅ ነው፣ 0.06 ሚሊሜትር ገደማ። 8 ሴንቲሜትር ስፋትና 15 ሴንቲሜትር ቁመት ያለው ቱቦ ሲሞላ ሦስት አራተኛ ሊትር ያህል አፈር ይይዛል፤ ባዶው ግን ቢመዘን ከሁለት ግራም ትንሽ ቢበልጥ ነው። አንድ ኪሎ ለመሙላት ከ400 በላይ ቱቦ ይጠይቃል። ስለዚህ ለአነስተኛ ግቢ ቱቦን መሸጥ አያዋጣም፤ ትርፉ መልሶ መሙላቱ ላይ ነው። ሳይቀደድ የወለቀ ቱቦ አንድ ጊዜ በደህና ይመለሳል፣ ጥላ ውስጥ የኖረ ከሆነ ሁለት ጊዜም ይሞከራል።

ሳይቀደድ እንዲወልቅ ችግኙ አንድ ቀን ቀድሞ ማታ ውሃ ይጠጣ። የዚያኑ ሰዓት ከጠጣ አፈሩ ጭቃ ሆኖ ይንዳል፤ ጭራሽ ካልጠጣ ይፈረካከሳል። ጠዋት ቱቦውን በሁለት መዳፍ መካከል ይዞ ጨመቅ ጨመቅ እያደረጉ አንድ ዙር ማሽከርከር ግድግዳውን ከአፈሩ ያላቅቃል። ከታች ቀዳዳ አልፎ የወጣ ሥር በመቀስ ይቆረጥ እንጂ አይጎተት። ቀጥሎ ግንዱን በሁለት ጣት መካከል አሳልፎ፣ መዳፍን አፈሩ ላይ ዘርግቶ መገልበጥ ነው፤ ታቹ መታ መታ ሲደረግ ቱቦው እንደ ካልሲ ይወልቃል። ታቹ ክፍት የሆነው ቱቦ የባሰ ይቀላል፣ አፈሩን በጣቶች ከታች ገፋ ማድረግ ይበቃል።

ሁለት ሦስቴ ተመትቶ እንቢ ካለ ቅደዱት። ሁለት ግራም ላስቲክ አድናለሁ ብሎ የስድስት ወር ችግኝ ሥሩን ማራቆት ሞኝነት ነው። እንቢ የሚለው አብዛኛውን ጊዜ ቱቦ ውስጥ ከልኩ በላይ የከረመው ነው፤ ሥሩ ታች ላይ እንደ ገመድ ተጠምጥሟል። እንዲህ ያለውን ታቹን አንድ ሴንቲሜትር ያህል ከነሥሩ በምላጭ ቆርጦ፣ ጎኑን ከላይ እስከ ታች ሰንጥቆ ፕላስቲኩን መግፈፍ ነው። የተጠመጠመው ሳይቆረጥ ከተተከለ ዛፉ ለተወሰነ ዓመት ደህና መስሎ ያድግና ነፋስ ሲበረታ ይገነደሳል፤ ወደ ጎን የሚይዝ ሥር የለውማ።

የአፈሩ ድብልቅም ቱቦውን ያድናል ወይም ያስቀድደዋል። ሦስት እጅ የአካባቢ አፈር፣ ሁለት እጅ ኮምፖስት ወይም በደንብ የበሰለ ፍግ፣ አንድ እጅ አሸዋ ከሆነ ቅርጹን ይዞ ይወጣል። አሸዋው ሲበዛ ይበተናል። መረሬ ሲበዛ ደግሞ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ቱቦውን ይዞ ይቀራል።

የወለቀውን ቱቦ የመለየቱ ሥራ ቀላል ነው፦ አፉን በሁለት እጅ ጣቶች ይዞ መሳብ። ከተለጠጠ ይመለሳል፤ እንደ ወረቀት ሸርተት ብሎ ከተቀደደ ወይም ሲጨበጥ ከተንኮሻኮሸ ፀሐይ ጨርሶታል። የሚመለሰው እንደ አንጀት ተገልብጦ በበርሜል ውሃ ይለቀለቃል፤ ቡሩሽ አያስፈልገውም፣ ይበሳዋል። በረኪናው ውስጥ 10 ደቂቃ ቆይቶ ጥላ ሥር ሽቦ ላይ ይሰጣል። ሲደርቅ በ50፣ በ50 ይታሰር። መልሳችሁ ስትሞሉት አፉን ሁለት ሴንቲሜትር ወደ ውጭ እጠፉት፤ ቱቦ መቀደድ የሚጀምረው ሁልጊዜ ከአፉ ስለሆነ እጥፋቱ ያጠነክረዋል።

የታጠበውንና አዲሱን የት እንደምታውሉ ለዩ። ያገለገለ ቱቦ ቶሎ ለሚወጣ ነገር ይሁን፦ ለጎመን፣ ለቆስጣ፣ ለፓፓያ። ጽድ፣ ዝግባና ወይራ ችግኝ ጣቢያ ውስጥ ብዙ ስለሚቆዩ አዲስ ቱቦ ይሰጣቸው፤ አሮጌው መሀል መንገድ ላይ ይፈነዳና ችግኙን ሁለት ጊዜ ያስሞላችኋል።

ብዙ ሰው ሆኖ ሲተከል አንድ ሰው ባዶ ማዳበሪያ ይዞ ከኋላ ይከተል። 300 ችግኝ ከወጣ 300 ቱቦ መመለስ አለበት። ከጎደለ ከነፕላስቲኩ የተቀበረ ችግኝ አለ ማለት ነው፤ የዚያኑ ቀን መፈለግ ይሻላል።

ጀሪካን፣ ባልዲ፣ ሃይላንድ

ባለ 20 ሊትሩን የዘይት ጀሪካን ከብዙ የገበያ ፖት አስበልጠን እናየዋለን። ወፍራም ነው፣ እጀታ አለው፣ ቢሰነጠቅም ይጠገናል። መጀመሪያ ዘይቱ ይውጣ፦ ሁለት ሊትር ትኩስ ውሃና አንድ እፍኝ የዱቄት ሳሙና ከትቶ፣ ክዳኑን ዘግቶ መናጥ፣ ይህንንም ሁለት ጊዜ መድገም። የተረፈ ዘይት አፈሩ ውሃ እንዳይቀበል ያደርገዋል፣ አይጥና ጉንዳንም ይጠራል።

ለቆስጣ፣ ለሰላጣና ለበሶብላ ጀሪካኑ በጎኑ ይተኛና ከላይ የዋለው ጎን እንደ መስኮት ይቆረጣል። ዙሪያውን አራት ጣት ያህል ጠርዝ ተዉ፤ ሁሉም ከተቆረጠ አፈሩ ሲገባ ግድግዳው ሆዱን ይነፋል። ለቲማቲም ግን ይቁም፣ ትከሻው ብቻ ይቆረጥ። መነሻ ቀዳዳ በድሪል ወይም በጋለ ሚስማር ተበስቶ ቀሪው በሴጌቶ ይቆረጣል። ሚስማር የምታግሉ ከሆነ ደጅ ሁኑ፣ ጭሱ ከነፋስ ጋር ይሂድ። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት፤ እጅ ይቆርጣል።

የውሃ መውጫው ከ8 እስከ 10 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ቀዳዳ ነው፤ ለጀሪካን ስድስት፣ ለመካከለኛ ፖት አራት ይበቃል። ያነሰ ቀዳዳ በሥር ይደፈናል። ከታቹ በተጨማሪ ሁለት ቀዳዳ ጎኑ ላይ፣ ከመሬቱ አንድ ጣት ከፍ ብሎ ይበሳ፤ ዕቃው ሲሚንቶ ላይ ልክክ ብሎ ሲቀመጥ የታቹ ቀዳዳ ይታፈናልና። አፈር እንዳይወጣ አንድ ቁራጭ የወንፊት ሽቦ ወይም አሮጌ ጨርቅ ጣል ማድረግ ነው። ታቹ ላይ ጠጠር መደልደል ውሃ ያስወጣል የሚለው እምነት ሥር የሰደደ ነው፣ ግን ተቃራኒውን ይሠራል። ውሃ ከደቃቅ አፈር ወደ ሻካራ ጠጠር በቀላሉ አይወርድም፤ ከጠጠሩ በላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል፣ የረጠበው ክፍልም ወደ ሥሩ ከፍ ይላል። ለሥሩ የሚሆነውን ቦታም ጠጠሩ ይወስደዋል።

ክብደቱን አስቡት። እርጥብ አፈር የሞላ 20 ሊትር ጀሪካን 30 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። አምስቱ አንድ ኩንታል ተኩል ሆኑ ማለት ነው። የኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ ከሆነ በቤቱ ግድግዳ ሥር ይደርደሩ እንጂ ጫፉ ላይ አይሁኑ፤ ከብረት መከለያው ላይ ማንጠልጠልማ የታች ጎረቤትን መፈለግ ነው።

የቀለም ባልዲ የውሃ ቀለም ከሆነ የደረቀው ቀለም እንደ ቆዳ ተልጦ ይወጣል፤ ሁለት ቀን ውሃ ሞልቶ ማቆየት ይረዳል። ለአበባ መልካም ነው፣ ለሚበላ ግን ባንጠቀምበት እንመርጣለን። የዘይት ቀለም የነበረበት ለየትኛውም ተክል አይሁን። የፀረ ተባይ መያዣ ሦስት ጊዜ ቢታጠብም ለአትክልትም ለውሃም አይመለስ፤ ተበስቶ ከጥቅም ውጭ ይደረግ፣ ሕፃናት እንዳያነሱት ይራቅ። የሞተር ዘይት፣ የናፍጣና የባትሪ አሲድ ጀሪካንም እንዲሁ ነው። ፖሊኢትሊን ነዳጅን ወደ ውስጡ ይጠጣል፤ ሽታው ለቀቀ ብላችሁ ከወር በኋላ ክዳኑን ብትከፍቱት እንደገና ይሸታል።

ሃይላንድ ለቡቃያ ብቻ ነው። ብርሃን ስለሚያሳልፍ ውስጡ አረንጓዴ አልጌ ይለብሳል፣ ሥርም ብርሃን ይሸሻል፤ በጋዜጣ ወይም በጭቃ ቀለም ይሸፈን። ጥቁር ፖት የተገላቢጦሽ ችግር አለበት። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የሚመታው ጎኑ ቆላ ላይ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፣ በዚያ በኩል ያለው ሥር ይቃጠላል። ውጭውን ኖራ መቀባት ወይም ፖቱን በትልቅ ፖት ውስጥ መደረብ ያበርደዋል። ደጋ ላይ ግን ያው ጥቁርነት ጥቅም ነው፤ ፖቱን የሚያጠቁረው ካርቦን የፀሐይን ጨረር እየዋጠ ፕላስቲኩን ከመንኮት ያቆየዋል። ቀይና ሰማያዊ ፖት ከጥቁሩ ቀድሞ የሚሰነጠቀው ለዚህ ነው።

ሲሰነጠቅ

ሙጫ አትፈልጉ። ፖሊኢትሊንና ፖሊፕሮፒሊን ላይ የሱቅ ሙጫ አይይዝም፤ ቢይዝም በመጀመሪያው ውሃ ይለቃል። መፍትሔው ሳፋና ጆግ የሚጠግኑ ሰዎች የሚያደርጉት ነው፦ ከዚያው ዓይነት ፕላስቲክ ሁለት ጣት ስፋት ያለው ልጣፊ ቆርጦ፣ በጋለ ካቻቪቴ የሁለቱንም ፊት አቅልጦ አንዱን በሌላው ላይ መጫን። 2 ከ2፣ 5 ከ5 ጋር ብቻ ይያያዛል፤ 2ን በ5 የለጠፈ ሰው ሲቀዘቅዝ ተላቆ ያገኘዋል። ካቻቪቴው ቀይ እስኪሆን አይጋል፤ ፕላስቲኩ ጭስ ካወጣ ተቃጥሏል፣ የተቃጠለ ደግሞ ይሰበራል። ስንጥቁ እንዳይቀጥል በሁለቱም ጫፉ ላይ ትንሽ ክብ ቀዳዳ መብሳት መጀመሪያ የሚደረግ ነገር ነው። ካልሆነ ግራና ቀኙን በስቶ በሽቦ መስፋትም ዓመት ያስኬዳል።

ባዶ ፖት ሲቀመጥ ተደፍቶ፣ በየመጠኑ ተደራርቦ፣ ጥላ ውስጥ ይሁን። በየመካከሉ አንድ ቅዳጅ ጋዜጣ ካልገባ ተጣብቆ ያስቸግራል፤ ተጣብቆ ከሆነ የውስጠኛው ላይ ቀዝቃዛ ውሃ፣ የውጭኛው ላይ ሙቅ ውሃ ማፍሰስ ያላቅቀዋል። አፉን ወደ ላይ አድርጎ ደጅ መተው ዝናብ ያጠራቅማል፣ ትንኝ ይፈለፍላል። የደንጊ ትኩሳት በሚያሰጋው ድሬዳዋ ይህ የጎረቤትም ጉዳይ ነው።

ለቁራሌው

መጠገን ያቃተው ብቻ ለሽያጭ ይሂድ። ቁራሌው ደህናውን ጀሪካን እንደ ዕቃ ነው የሚገዛው፤ ሳይቆረጥ የሸጣችሁት በፍሬ ይታሰባል፣ የተቆረጠው ወደ ኪሎ ይወርዳል። ስለዚህ ተርፎ የተቀመጠ ጀሪካን ካለ ሳትቆርጡ ሽጡት። መርካቶ ምናለሽ ተራ ድረስ መውሰድ የሚያዋጣው የተለየና የታጠበ ብዙ ጭነት ላለው ችግኝ ሻጭ ነው።

የሚያሳንሰው አፈር ነው። የፕላስቲክ ማድቀቂያ ምላጭ በአሸዋ ይደንዛል፣ እርጥበት ደግሞ ሲቀልጥ አረፋ ይሠራል፤ ገዢ ይህን ስለሚያውቅ ጭቃ ያየበትን ጭነት ዋጋ ይቆርጣል ወይም አይነካም። ቱቦ ላይ ይህ ይብሳል፤ ሁለት ግራም ላስቲክ ላይ ከራሱ የሚከብድ ጭቃ በቀላሉ ይለጠፋል። 2ና 5ን በተለያየ ማዳበሪያ አድርጉ። ሁለቱ አብረው ሲቀልጡ በደንብ አይዋሃዱም፣ ከዚያ የሚወጣው ዕቃ ይሰበራል። ጥቁር ለብቻው፣ ባለ ቀለም ለብቻው ይሁን፤ ጥቁር የገባበት ሁሉ ጥቁር ነው የሚሆነው። ሽቦ፣ ተለጣፊ ወረቀትና የብረት እጀታ ይነቀሉ።

አውሮፓና አሜሪካ ሆናችሁ በበረንዳችሁ ጎመንና ጤና አዳም የምታበቅሉ ደግሞ ሌላ ችግር ይገጥማችኋል። እዚያ ብዙ ቦታ የሚለየው ማሽን ነው፣ ማሽኑም ዓይነቱን የሚያውቀው ከፕላስቲኩ በሚመለስ ጨረር ነው። ጥቁር ካርቦን ያለበት ፖት ጨረሩን ስለሚውጥ ማሽኑ አያየውም፣ ወደ ቆሻሻ ይሄዳል። ፖት መልሰው የሚቀበሉ የችግኝ መሸጫዎች ስላሉ ከየቤቱ በሚሰበሰበው ሳጥን ውስጥ ከመክተት መጀመሪያ እነሱን መጠየቅ ይሻላል። ስትገዙም ቢቻል ጥቁር ያልሆነውን ምረጡ።

ማንም የማይገዛው ይቀራል፦ የነኮተ ቱቦ፣ ስስ ትሪ፣ ፀሐይ ላይ የተበጣጠሰ ማዳበሪያ። ከሰል ማቀጣጠያ አታድርጉት። ጭሱ ወደ ሳንባም ወደ ምግቡም ይገባል፣ ቁጥር 3 ከተቀላቀለበት ደግሞ ጨው አሲድና ዳዮክሲን ያወጣል። የነኮተውን ቱቦ እየቦነነ አፈር ውስጥ ሳይገባ ሰብስቦ ለደረቅ ቆሻሻ ሰብሳቢ መስጠት ብቻ ነው የቀረው።

የተሰበረ ጠንካራ ፖት ግን ከመሸጡ በፊት አንድ ሥራ ይሠራል። ነጣ ያለውን ባልዲ ወይም ጀሪካን ሁለት ሴንቲሜትር ስፋት፣ 12 ሴንቲሜትር ርዝመት አድርጎ መሸንሸን፣ አንዱን ጫፍ ማሾል፣ ፊቱን በብርጭቆ ወረቀት ሻከር ማድረግ፤ የችግኝ ስም መጻፊያ ሆነ። በእርሳስ ጻፉበት። ማርከር ፀሐይ ላይ ይጠፋል፣ እርሳስ ክረምቱንም በጋውንም ይቆያል።